ሐላል ሥጋ በደሴ፦ አስተራረዱና ልማዱ

ደሴ ውስጥ ሥጋ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚያየው በሩን ነው። የሙስሊም ሥጋ ቤት ጨረቃና ኮከብ ወይም «ሐላል» የሚል ጽሑፍ አለው፤ የክርስቲያኑ ደግሞ መስቀል። ወደ ኮምቦልቻ ቢወርዱም ነገሩ ያው ነው።

ሥጋ ሐላል የሚባለው እንስሳው ራሱ የተፈቀደ ሲሆንና በአግባቡ ሲታረድ ነው። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ ቁጥር 3 በክትን፣ ደምን፣ የአሳማ ሥጋንና ከአላህ ሌላ ስም የተጠራበትን ይከለክላል። ታንቆ፣ ተደብድቦ፣ ከገደል ወድቆ ወይም በቀንድ ተወግቶ የሞተም አይበላም። አውሬ የነከሰው ግን ነፍሱ ሳትወጣ ከተደረሰበት ይታረዳል። ደም የተባለው የሚፈሰው ነው፤ ሥጋው ውስጥ የሚቀረው አይቆጠርም። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ወዳድ የሆነ ወሎዬ በዚህ በኩል አያስብ።

ከደሴ መካ ያለችው በስተሰሜን ነው። በጉ በግራ ጎኑ ይጋደምና ፊቱ ወደዚያው ይዞራል። አራጁ ከጀርባው ሆኖ በግራ እጁ አገጩን ቀና አድርጎ ይይዛል፤ ካራው በቀኙ ነው። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ የአየር ቧንቧውን፣ የምግብ ቧንቧውንና ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች ቶሎ ይቆርጣል። ራስ አይገነጠልም። በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም መንገድ) ሁለቱ ቧንቧዎች ከተቆረጡ ይበቃል፤ ሌላው መዝሀብ ሐነፊ ከአራቱ ሦስቱን ይፈልጋል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ተከታይ አላቸው። ግመል ግን ለየት ይላል፤ ቆሞ ነው ከአንገቱ ሥር የሚወጋው።

ነቢዩ ሙሐመድ አራጅ ካራውን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሠቃይ አዘዋል። ካራ ከብቱ ፊት አይሳልም። አንዱ እያየ ሌላው አይታረድም። ነፍሱ በደንብ ሳትወጣ መግፈፍም የተጠላ ነው።

እዚያው ማኢዳ ላይ፣ ቁጥር 5፣ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊሞች ተፈቅዷል። ብዙ ዑለማዎች የክርስቲያንና የአይሁድ እርድ በዚህ ውስጥ ይገባል ይላሉ። የአገራችን ልማድ ግን ሌላ ነው፤ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም። ለዚህ ታሪክም አለው። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። የክርስቲያን ሥጋ መብላት ያኔ ሃይማኖት መለወጥ ማለት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሁ የሚረሳ አይመስለኝም።

ቢሆንም በወሎ ማንም ጎረቤቱን ሳይጠራ አይደግስም። ሙስሊም ልጁን ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ ክርስቲያን አራጅ ይጠራል። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ወጥ ሠሪዋም ለብቻ ናቸው። ክርስቲያኑ ሲደግስም እንደዚያው። ወጪው ይከብዳል፤ ግን ይህን መተው ነውር ነው።

ትንሽ የሚያስቀው የዶሮው ነገር ነው። በሸሪዓ የሴት እርድ ይበላል። ሆኖም ብዙ እናቶች ወንድ ከቤት ከሌለ ዶሮዋን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚውን «ወንድምዬ፣ እስቲ እረድልኝ» ይላሉ። ደሴ ላይ መጀመሪያ ስሙን መጠየቅ አለ።

በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የሙስሊሞቹ አይዘጉም። ትልቁ እርድ ግን የአረፋ ነው፤ የሚታረደውም ከኢድ ሰላት በኋላ ነው። በግ ወይም ፍየል ለአንድ ቤተሰብ፣ በሬ ወይም ግመል ለሰባት ሰው ይበቃል። ሥጋው ለቤት፣ ለዘመድ አዝማድና ለችግረኛ ይከፋፈላል። ለአራጁ ሥጋም ሆነ ቆዳ በደመወዝ ፈንታ መስጠት አይፈቀድም፤ ዋጋው በገንዘብ ይከፈለዋል። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ አለ። በፊት በበዓል ቀን ቆዳ ገዢዎች ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ነበር። አሁን ዋጋው ስለወደቀ ቆዳውን የሚጥለው ሰው ብዙ ነው።