ቨርቹዋል ሪያሊቲ ለአንገት ሕመም፦ ነገሩ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ አንገት ሲያዝ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርዱ ነው። "ብርድ መትቶኝ ነው" ይባላል። ሻርፕ ይጠመጠማል፣ ጋቢ ይደረባል። ከዚያ በኋላ አንገት እንዳይነቃነቅ ይጠበቃል። ሰው ከኋላ ሲጠራን በሙሉ ሰውነታችን ዞረን ነው "አቤት" የምንለው። ሶላት ሲያበቃ ወደ ቀኝ ሲያሰላምቱ እሺ ያለው አንገት፣ ወደ ግራ ሲሆን እምቢ ይላል።

ብርዱ ጡንቻን ሊያኮማትር ይችላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ለሚውል ሰው ግን ከብርዱ በላይ የሚያሳስበው መቀመጡ ነው። የፒያሳ ባንክ ቴለር፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ውጤት ሲያስገባ የሚያመሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የሦስቱም አንገት ለሰዓታት አንድ ቦታ ይቆማል። ከቢሮ ሲወጡም አያርፍም። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለሰው ሰው ሐረጎን የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አቀርቅሮ ስልኩን እያየ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 203 ሚሊዮን ገደማ ሰው የአንገት ሕመም እንደነበረበት ይገመታል።

ለዚህ ሕመም በውጭ አገር የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ነው። ባጭሩ ቪአር ይባላል። ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ መነጽር ነው። ውስጡ ስክሪን አለው፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል ያሳያል። የጭንቅላትን እንቅስቃሴ የሚለኩ ሴንሰሮችም አሉት። ወደ ግራ ሲዞሩ በግራ ያለው ይመጣል፣ ቀና ሲሉ ሰማዩ ይታያል። ያደረገው ሰው ክፍሉን ረስቶ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል።

ታዲያ ይህ ከአንገት ጋር ምን አገናኘው?

ባለሙያው "አንገትዎን ሃያ ጊዜ ያዙሩ" ከሚል ይልቅ ጨዋታ ይሰጣል። በእስራኤል ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ሂላ ሳሪግ ባሃት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከሠሩት አንዱ ዝንብ ማባረር ነበር። ዝንቦቹ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ከላይ ብቅ ይላሉ። ታካሚው አንገቱን እያዞረ ይረጭባቸዋል። መሣሪያው በዚያው ልክ አንገቱ ስንት ዲግሪ እንደዞረና በምን ፍጥነት እንደዞረ ይመዘግባል። አንገታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከጤነኞቹ ይልቅ ቀስ ብለው፣ እየተቆራረጡም እንደሚዞሩ በዚህ መንገድ በግልጽ ታይቷል። ይህ በዓይን ብቻ ሲታይ የሚያመልጥ ነገር ነው። ስንት ዲግሪ ዞሩ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያህል በድፍረት ዞሩ የሚለውም መለካት ተቻለ ማለት ነው።

ድፍረት ያልኩት በምክንያት ነው። አንገት ሲያም የሚጎዳው ሥጋው ብቻ አይደለም። አንጎል "እዚህ ጋ ስትደርስ ያምሃል" ብሎ ድንበር ያበጃል። ሕመሙ የጀመረበት ምክንያት ካለፈ በኋላም ድንበሩ ሊቆይ ይችላል። እኛም እናከብርለታለን። ባከበርነው ቁጥር ጡንቻው ይደክማል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ድንበሩም ወደ ውስጥ እየጠበበ ይመጣል።

ይህን ካሳዩ ጥናቶች እጅግ የምወደው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው፣ አውስትራሊያ ያሉት ተመራማሪዎች የነዳንኤል ሃርቪና የሎሪመር ሞዝሊ ሥራ ነው። አንገታቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 24 ሰዎች የቪአር መነጽር አደረጉ። "ሕመም ሲጀምርዎ ይቁሙ" ተባሉ። ሳይነገራቸው ግን ምስሉ ተቀየረ። አንዳንዴ ምስሉ ከእውነተኛው ዙረት በ20 በመቶ ያነሰ ያሳያል፣ አንዳንዴ በ20 በመቶ የበለጠ። ትንሽ የዞሩ ሲመስላቸው ሕመሙ ሳይመጣ 6 በመቶ ያህል ርቀው ዞሩ። ብዙ የዞሩ ሲመስላቸው ደግሞ 7 በመቶ ያህል ቀድሞ አመማቸው። አንገቱ ያው አንገት ነው። የተለወጠው ዓይናቸው የነገራቸው ነገር ብቻ ነው።

ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ "ሐሳብህ ነው እንጂ ምንም የለህም" የተባለ ሰው ስንት ዓመት ሲሰቃይ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሕመሙ እውነት ነው። አንጎል ሕመሙን የሚያወጣው ግን ከአንገት የሚመጣውን መልእክት ብቻ ሰምቶ አይደለም። ዓይንን ይጠይቃል፣ ያለፈውን ያስታውሳል፣ ስጋቱንም ይደምራል። ቪአር የሚገባው በዚህ በር ነው። ታካሚው ስለ ዝንቡ ሲያስብ አንገቱን መጠበቅ ይረሳል። አንገቱም ሳያስበው ድንበሩን ያልፋል። አልፎ ምንም ሳይሆን ሲመለስ አንጎል አዲስ ነገር ይማራል።

ሐሳብን ከሕመም ማራቅ ራሱም ይረዳል። የሲያትል ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እሳት ያቃጠላቸው ሕሙማን ቁስላቸው ሲጸዳ በቪአር ሌላ ዓለም ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ ሕመማቸውም ቀሎላቸዋል። ለቢሮ ሠራተኛ ግን ትኩረት ማራቅ ብቻ አይበቃውም። ነገ ጠዋት ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣላ።

ስለዚህ ነው ቪአር ከእንቅስቃሴ ጋር የሚጣመረው። በእኔ እይታ ሥራውን የሚሠራው እንቅስቃሴው ነው፤ መነጽሩ የሚያስጀምር ነው። የነሳሪግ ባሃት ሌላ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት 90 ታካሚዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ቤቱ በቪአር ተለማመደ። አንዱ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ሌዘር አስሮ ግድግዳ ላይ ብርሃኑን እያንቀሳቀሰ ተለማመደ። ሦስተኛው ለጊዜው ምንም አላደረገም። የተለማመዱት ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። ቪአሩ ትንሽ በልጧል፣ ግን ትንሽ ነው። መምህራን ስላይድ ሲያሳዩ የሚጠቀሙበት ዓይነት ሌዘር ያንን ያህል ከሠራ፣ እዚህ ደሴ ላለን ሰዎች ትልቅ ዜና ነው።

ሌዘር ያለው ሰው ቆብ ላይ አስሮ ግድግዳ ላይ የተሰመረ መስመር ወይም ክብ በብርሃኑ መከተል ይችላል። የሰው ዓይን ላይ እንዳያበራ፣ መስታወት ባለበትም እንዳይሞክር ብቻ ይጠንቀቅ። ሌዘር የሌለው ደግሞ ተራራ አለው። ቢሮዎ መስኮት ካለው የጦሳን ጫፍ ከግራ እስከ ቀኝ በአፍንጫዎ ይከተሉት፣ ገባ ወጣ ያለውን ሁሉ። ትከሻዎ አይዙር፣ አንገትዎ ብቻ ይዙር። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ሲለምዱት ፈጠን አድርገው። ዓላማው ያው ነው፤ ሐሳብዎ አንገትዎ ላይ ሳይሆን ውጭ ያለው ነገር ላይ ይሁን።

ከዚያ ማጠንከር ይመጣል። የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚሸከሙት ሰባት የአንገት አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ከፊት በጥልቀት ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች አንገቱን በሚያመው ሰው ላይ ይደክማሉ። እነሱን ለማሠራት በጀርባ ይተኛሉ። ጭንቅላትዎን ከፍራሹ ሳያነሱ "አዎ" እንደሚል ሰው አገጭዎን በጣም ቀስ ብለው ወደ ጉሮሮዎ ያቅርቡ። 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ። እስከ 10 ጊዜ ይደጋግሙት። ቀላል ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን መንቀጥቀጡ ድካማቸውን ይነግርዎታል።

ለትከሻና ለአንገት ጎን ደግሞ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተው ይያዙ። ክንድዎን ዘርግተው በጎን እስከ ትከሻ ድረስ ያንሱ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። ሁለት ደቂቃ። "ሁለት ደቂቃ ምን ያደርጋል?" ለሚል፣ ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አለ። 198 አንገትና ትከሻቸውን የሚያማቸው የቢሮ ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። ሁለቱ ቡድኖች ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በሚለጠጥ ላስቲክ ይህን እንቅስቃሴ ሠሩ፤ አንዱ በቀን ሁለት ደቂቃ፣ ሌላው 12 ደቂቃ። ሦስተኛው አልሠራም። ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር የሁለቱም ቡድን ሕመም ቀነሰ። ሁለት ደቂቃ የሌለው ቢሮ የለም። አለቆችም ቢሆኑ ይህን ያህል ቢፈቅዱ ሥራ አይበደልም።

ላፕቶፑን ቦክስ ፋይል ላይ ከፍ ማድረግና በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት ያግዛሉ፤ ይህን ሁሉም ሰው ስለሰማው አልገፋበትም።

መነጽሩን የማግኘት ዕድል ያለው ሰው ግን ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ መነጽሮች ግማሽ ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ክብደቱም ከፊት ነው ያለው። ለታመመ አንገት ጥቂት ደቂቃ በቂ መጀመሪያ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዱን ሰው ያጥወለውለዋል፣ ያዞረዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው።

ወጌሻ ጋ መሄድ ለምደናል፤ ማሸቱ ለጊዜው ያቀላል። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋትን ግን እባካችሁ አትፍቀዱ። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል የሚያልፍ ደም ሥር አለ። ብዙ ጊዜ ባይሆንም ሊቀደድ ይችላል፤ ከተቀደደ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ከመለማመድ በፊት ሐኪም ማየት ያለባቸውም አሉ። በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ የጀመረ ሕመም፣ እጅ የሚያደነዝዝ ወይም ዕቃ የሚያስጥል፣ አረማመድ ወይም ሽንት መቆጣጠር የለወጠ ሕመም ለነገ አይባልም። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር አብረው ከመጡ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ሌሊት የሚያልብ፣ ክብደት የሚቀንስ፣ ሳምንታት የቆየ ሕመም ከሆነ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ አብሽሩ፤ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስትሄዱ "አንገቴን አሹልኝ" ብቻ ሳይሆን "ቤቴ የምሠራው እንቅስቃሴ አሳዩኝ" በሉ፤ በሁለተኛው ቀጠሮም ስትሠሩት ይዩአችሁና ያርሟችሁ።