የድራጎን ሩስት ዋሻ፦ የአንድ የደሴት ደንጀን ዳሰሳ ከመሀል አዲስ አበባ

የድራጎን ሩስት ዋሻ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ዘ ዊንድ ዌከር» በተሰኘው የጃፓኑ ኒንቴንዶ የቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚገኝ ደንጀን ነው። ደንጀን የሚባለው በተቆለፉ በሮች፣ በእንቆቅልሾችና በጭራቆች የተሞላ፣ በመጨረሻው ክፍሉም ቦስ የሚባለው ዋናው ባላንጣ የሚጠብቅበት የጨዋታ ክፍል ሲሆን፣ ይህኛው የተሠራው በአንድ የእሳተ ገሞራ ደሴት ሆድ ውስጥ ነው። ከእርሱ በፊት የሚመጣው ምሽግ በአብዛኛው ተደብቆ ማለፍን ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የሚገጥመው የመጀመሪያው ሙሉ ደንጀን ይኸው ዋሻ ነው። ጌሙ በኤጂ አኦኑማ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በጃፓን ታኅሣሥ 4 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2002) ጌምኪዩብ ለተባለው የኩባንያው የጌም ማሽን ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታድሶ ለዊ ዩ፣ በ2025 ደግሞ በኒንቴንዶ የደንበኝነት አገልግሎት በኩል ለስዊች 2 ወጥቷል።

በመሀል አዲስ አበባ፣ በፒያሳም ሆነ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ፣ የጌም ልማድ የቆመው በፕሌይስቴሽን ቤቶች ላይ ነው። በእነዚህ ቤቶች ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የእግር ኳስ ጌም በመሆኑ የኒንቴንዶ ማሽን ብርቅ ነው። ስለዚህ ዋሻውን የሚያውቅ የከተማው ተጫዋች ያወቀው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት በገባ ኮንሶል ወይም ዶልፊን በተባለው፣ የጌምኪዩብን አሠራር በሚያስመስለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ኒንቴንዶ ያለ ፈቃድ የሚባዙ ጌሞችን አጥብቆ የሚቃወም ኩባንያ ነው፤ ፊልምና ጌም በፍላሽ በሚጭኑ ሱቆች ዘንድ ግን ጉዳዩ ከፊልሙ የተለየ ክብደት ሲሰጠው አይታይም።

በጌሙ ታሪክ ጥንታዊው ምድር በውኃ ተሸፍኖ የቀረው ታላቁ ባሕር ብቻ ነው። ባሕሩ ሰባት በሰባት ሆኖ በ49 አራት ማዕዘኖች የተከፈለ ሲሆን ሊንክ የተባለው ልጅ የተጠለፈች እህቱን ለማዳን በምትናገር ጀልባ ይዞረዋል። በድራጎን ሩስት የሚኖሩት ሪቶ የሚባሉ የወፍ ዘሮች ናቸው። የሪቶ ልጆች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ወደ ተራራው ጫፍ ወጥተው ቫሉ ከተባለው ዘንዶ ቅርፊት ይቀበላሉ፣ ክንፍም የሚያበቅሉት በዚያ ቅርፊት ነው። ተጫዋቹ ሲደርስ ግን ቫሉ ምክንያቱ ባልታወቀ ቁጣ ተራራውን እያናወጠ፣ ልዑሉ ኮማሊም ወደ ላይ ለመውጣት ፈርቶ ተቀምጧል። ቫሉ የሚናገረው ጥንታዊ ቋንቋ በማይነበብ ፊደል ስለሚጻፍ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያነበውም ሆነ ፊደሉን ገና የሚቆጥረው ታናሽ ወንድሙ በዘንዶው ፊት እኩል ናቸው፤ ጌሙን ጨርሶ እንደገና የጀመረ ተጫዋች ግን ንግግሩን ተተርጉሞ ያገኘዋል። በዚሁ ደሴት ሊንክ የነፋስን አቅጣጫ የሚቀይረውን ባለ ሦስት ምት ዜማ ይማራል፤ ይኸውም በእጁ የያዘውን የሙዚቃ መሪ በትር ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ ነው። የደሴቱ ማጀቢያ ሙዚቃ የአንዲስ ተራሮችን ባህላዊ ሙዚቃ የሚያስታውስ ሲሆን፣ ከጌሙ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያንጎራጉረውም እርሱን ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከዋሻው በር ውጭ ነው። በሩ ፊት የነበረው ኩሬ ምንጩ በቋጥኝ ተዘግቶ ደርቋል። የዘንዶው አገልጋይ የሆነችው ወጣቷ ሜድሊ ነፋሱን ጠብቆ ወደ ላይ እንዲወረውራት ሊንክን ትለምነዋለች፣ በምላሹም ባዶ ጠርሙስ ትሰጠዋለች። በጠርሙሱ ውኃ ቀድቶ የጠወለጉትን የቦምብ ተክሎች ያጠጣል፣ በበቀለውም ቦምብ ቋጥኙን ይፈነቅላል፣ ኩሬው ይሞላል፣ በዋናም ይሻገራል። ውኃ፣ ነፋስና ፍንዳታ በአንድ ትንሽ ስፍራ ላይ ተራ በተራ ሲሰጡ ማንም ረጅም ማብራሪያ አይሰጥም። በእኔ ግምት የዋሻው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ነገር በእጅ ያስተምራል፣ ቀጣዩ ክፍል ደግሞ ያንኑ ነገር አደጋ ጨምሮበት ይጠይቃል።

ውስጥ ከተገባ በኋላ ተጫዋቹ ድንጋይ እየጎተተ የተሸፈነ መተላለፊያ ያወጣል፣ እንጨት ለኩሶ ችቦዎችን ያቀጣጥላል፣ በሳጥን የተቀመጡ ትንንሽ ቁልፎችንም እየሰበሰበ በሮችን ይከፍታል። ካርታና ኮምፓስ እንደ ሌሎቹ የዜልዳ ደንጀኖች ሁሉ እዚህም አሉ። ከፍ ያለ ትኩረት የሚገባው የቀለጠው ዐለት አያያዝ ነው። ውኃ የያዘ እንስራ ዐለቱ ላይ ሲወረወር የወደቀበት ቦታ ለጥቂት ጊዜ ይቀዘቅዝና መርገጫ ይሆናል፤ ጊዜው ሲያልፍ ተመልሶ ይቀልጣልና የሚያመነታ ሰው ይጠበሳል። ማግቴይል የተባለው ባለ ብዙ እግር ጭራቅም ዓይኑን ሲመታ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ስለሚሆን፣ ተሸክሞ ወስዶ በክብደቱ የወለል መቀያየሪያ ማስጫን ይቻላል። ጠላትን ከመግደል ይልቅ እንዲሠራ ማድረግ መቻሉ ለመጀመሪያ ደንጀን ደፋር ሐሳብ ነው። መንገዱ አልፎ አልፎ ከተራራው ገላ ላይ ወጥቶ በመሰላልና በጠባብ ጠርዝ፣ የአዳኝ ወፎች ጎጆ ባለበት ይቀጥላል፤ ባሕሩ ከታች ሲታይም ሰው ዋሻው ደሴት ላይ መሆኑን አይረሳም።

ወደ ላይኛው ክፍል ሲደረስ ሜድሊ በጭራቆች ተይዛ ትገኛለች። ጠባቂዎቹ ከተሸነፉ በኋላ ለሊንክ በገመድ የታሰረ መንጠቆ ትሰጠዋለች፤ የሪቶ ሰዎች ክንፍ ሳያገኙ በፊት ይጠቀሙበት የነበረ መሣሪያ ነው። ዘንዶውን የሚያስቆጣው አንዳች ነገር ጭራውን ከታች እያሰቃየው መሆኑንም የምትነግረው እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ በመንጠቆው ተንጠልጥሎ ገደል መሻገርን ይጠይቃል፣ በዚያም የቦሱ በር ትልቅ ቁልፍ ይገኛል።

ቦሱ ጎማ ይባላል። በቀለጠ ዐለት ውስጥ የሚኖር፣ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ባለ አንድ ዓይን ፍጡር ሲሆን ሰይፍ አይበሳውም። የቫሉ ጭራ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ ሊንክ መንጠቆውን ጭራው ላይ ጥሎ ሲወዛወዝ ዘንዶው በሕመም ይንፈራገጣል፣ የጣሪያውም ዐለት በጎማ ላይ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ቅርፊቱ ይሰባበራል፤ ያን ጊዜ መንጠቆውን ዓይኑ ላይ ወርውሮ ወደ መሬት መጎተትና በሰይፍ መምታት ይቻላል። የታወቀው ስሕተት ቅርፊቱ ሳይወልቅ ሰይፍ መዞ መጠጋት ነው። ውጊያው ከባድ አይደለም፣ ልምድ ላለው ሰው እንዲያውም ቀላል ነው፤ ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተሰጠውን መሣሪያ ብቻ ስለሚፈትን ፍትሐዊ ነው።

ለጀማሪ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት እየተከፈለ፣ ወረፋ የያዘው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሚጠብቅበት ቤት አይመችም። ቤት ውስጥም ቢሆን መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ቅጂ ራሱ አይመዘግብምና ሴቭ ያላደረገ ሰው ልፋቱ ሁሉ ይቀራል። ዋሻው ግን በየቁራጩ ለሚጫወት ሰው ከሚጠበቀው በላይ ቸር ነው። በውስጡ ሴቭ ያደረገ ተጫዋች ሲመለስ ከመግቢያው ይጀምራል፤ የከፈታቸው በሮችና ሳጥኖች ግን እንደተከፈቱ ይቆያሉ፣ ከአንዱ ገብተው ከሌላው የሚወጡባቸው እንስራዎችም ርቀቱን ያሳጥሩለታል። ዶልፊን ማንኛውንም ቅጽበት ማስቀመጥ ስለሚያስችል መብራት አያስፈራውም፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ዝላይ ፊት ይህን የሚያደርግ ሰው የቀለጠውን ዐለት ፍርሃት ራሱ ያጠፋዋል። አንድ ኮምፒዩተር ለሚጋሩ ወንድማማቾች ደግሞ ጌሙ ሦስት የሴቭ ቦታ ብቻ መያዙ የታወቀ የጠብ ምንጭ ነው። ዜማው የሚመታበትን የጌምኪዩብ መቆጣጠሪያ ቢጫ ዱላ በኮምፒዩተር የሚተካው የጆይስቲኩ የቀኝ አናሎግ ሲሆን፣ በኪቦርድ ብቻ የነፋሱን ዜማ መምታትና በገመድ ላይ አቅጣጫ መያዝ አድካሚ ነው።

ጎማ ሲሞት ሊንክ አንድ ተጨማሪ ልብ ያገኛል፣ ቫሉ ይረጋጋል፣ ኮማሊም ሊንክ በጉዞው ከሚሰበስባቸው ዕንቁዎች አንዱ የሆነውን የዲንን ዕንቁ ያስረክበዋል። ዕንቁዎቹ ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ያለ ደንጀን የሚገኝ መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል፤ አኦኑማ የተወሰኑ ደንጀኖች ከጌሙ እንደተቀነሱ ኋላ አረጋግጧል። ሁለተኛው ዕንቁ ያለበት የጫካ ደሴት በካርታው ላይ በቀጥታ ወደ ደቡብ ስለሚገኝ፣ ተጫዋቹ ሸራውን ከመዘርጋቱ በፊት በትሩን አውጥቶ ነፋሱን ወደ ደቡብ ማዞር ይኖርበታል።