«ዝም በል፤ ሃሪያ መጣ»፦ የአንድ ማስፈራሪያ ትርጉምና መነሻ

በዛሬዎቹ የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ድንበር አካባቢ በሚኖሩት ፓሽቱኖች ዘንድ፣ አልቅሶ አልተኛም ያለን ሕፃን እናቱ «ዝም በል፤ ሃሪያ መጣ» ትለው እንደነበር ሲነገር ኖሯል። በቋንቋቸው «ሃሪያ ራግሌ» የሚባለው ይህ አነጋገር በአገልግሎቱ ከእኛው «አያ ጅቦ መጣልህ» አይለይም፤ የሚለየው ሃሪያ የተረት አውሬ ሳይሆን፣ አባትና እናት፣ ሹመትና ርስት የነበረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 በጦር ሜዳ የሞተ ሰው በመሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሉ ስሙ ሃሪ ሲንግ ናልዋ ነው። በ1791 በፑንጃብ፣ በጉጅራንዋላ ከተማ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ከሆነ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣው ይህ ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የሲኮቹ ንጉሥ ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ደጅ ደርሶ በቤተ መንግሥቱ አገልጋይነት ተቀጠረ። በአደን ላይ ከነብር ጋር ግብግብ ገጥሞ ገደለ ስለሚባለው ታሪክ እውነቱንና ማዳመቂያውን መለየት ያስቸግራል፤ ይሁንና «ነብር ገዳይ» የሚለው ቅጽል አብሮት ኖሯል። ከዚያ በኋላ በ1813 በአቶክ፣ በ1818 በሙልታን፣ በ1819 በካሽሚር ዘመቻ ተሰለፈ፤ ካሽሚርንም ለጥቂት ጊዜ በአገረ ገዥነት አስተዳደረ፤ በዚያም በስሙ የሚጠራ ገንዘብ ተመትቶ ነበር።

ማስፈራሪያው የተወለደው ግን ከእነዚህ ዘመቻዎች አይመስለኝም። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሠራዊት ከካቡል ተነሥቶ፣ የካይበርን የተራራ በር አልፎ፣ የኢንደስን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ፑንጃብ ይወርድ ነበር፤ የአፍጋኖቹ ንጉሥ አህመድ ሻህ ዱራኒ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደጋግሞ በወረረ ጊዜ በአምሪትሳር የሚገኘውን የሲኮች ቅዱስ ስፍራ እስከ ማፍረስ ደርሷል። በሃሪ ሲንግ ዘመን ግን የዘመቻው አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ከምሥራቅ የሚመጣ ጦር ተራራ ለተራራ እየወጣ ግብር መጠየቅ ጀመረ። በ1822 ሃዛራ የተባለው ተራራማ አውራጃ ገዥ ሆኖ እንደተሾመ፣ ከዘመተ በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስ የጦር መሪ አልሆነም፤ እዚያው ተቀመጠ፤ ምሽግ ሠራ፤ በስሙ ሃሪፑር የተባለችውን፣ በግንብ የታጠረች ከተማ ቆረቆረ። ወራሪን በደጋው ተደብቀው መሸኘት ለለመዱት ጎሣዎች የማይሄድ ጎረቤት ሆነባቸው።

ለአባባሉ ቁልፍ ሆኖ የማገኘው በ1824 ናራ በተባለ ተራራማ መንደር የሆነውን ነው። የመንደሩ ሰዎች የሃሪ ሲንግን ጦር መልሰው መቱት፤ እሱም ከቤት ግድግዳ ላይ በተወረወረ ድንጋይ ተመትቶ ራሱን እንደ ሳተ ወደ ገደል ተንከባለለ። ሞተ ተባለ። ነፍሱን ሲያውቅ ወደ ሃሪፑር ምሽግ ገብቶ ለቀናት ድምፁን አጠፋ፤ የሞቱ ወሬ በአገሩ ሁሉ እስኪዳረስ ጠበቀና ድንገት ወጥቶ ባግራ የተባለውን ምሽግ ያዘ፤ በዚያ ያገኛቸውን የታጠቁ ሰዎችም በሰይፍ ፈጀ። «ሃሪያ መጣ» የሚለው ቃል ቀብሬዋለሁ ብሎ በተዝናና ሰው ጆሮ ምን ያህል ክብደት እንደሚኖረው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ሲኮች ይህን አነጋገር ሲተርኩት የጀግናቸው ሙገሳ አድርገው ነው፤ በዘራቸው ዘንድም ኩራት መሆኑ ተገቢ ነው። በእናቲቱ አፍ ሲገባ ግን ሙገሳ አይደለም። የተቃጠለ መንደር፣ በግብር ስም የተወሰደ እህል፣ ከቤት ወጥቶ የቀረ ወንድም ያየች ሴት ለልጇ ከምታውቀው ነገር ሁሉ የከፋውን መርጣ ነው የምትጠራለት። ስለዚህ አባባሉን «እንዲህ ይፈራ ነበር» ብሎ ብቻ መተርጎም ግማሹን መተው ነው።

በ1834 የፔሻዋር ከተማ በሲኮች እጅ ገባች። ሃሪ ሲንግ በዚያም አላቆመም፤ በ1836 የካይበር መተላለፊያ አፍ ላይ የጃምሩድን ምሽግ አሠራ። የካቡሉ ገዥ ዶስት መሐመድ ይህን በሩን እንደ መቆለፍ ቆጥሮት ዝም ሊል አልቻለም። በ1837 መጀመሪያ የራንጂት ሲንግ የልጅ ልጅ ሠርግ በዋና ከተማው በላሆር ሲደገስ ብዙ ወታደር ለበዓሉ ተጠራ፤ ድንበሩም ሳሳ። የዶስት መሐመድ ልጅ አክባር ካን ከወንድሞቹ ጋር ጃምሩድን ከበበ፤ ሃሪ ሲንግ ከፔሻዋር ደርሶ ከበባውን ቢገፋም ኤፕሪል 30 ቀን በጽኑ ቆስሎ ወደ ምሽጉ ተወሰደና ሞተ። ከመሞቱ በፊት ዕረፍቱ እንዲሸሸግ አዘዘ ይባላል። አስከሬኑ በስውር ተቃጠለ፤ የምሽጉ ጦር ከላሆር ረዳት እስኪደርስ ድረስ በር ዘግቶ ቆየ። አፍጋኖቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ምሽጉን አልያዙም፤ ረዳቱ ሲቃረብም ወደ ካይበር ተመለሱ። በናራ ሞቶ የተነሣን ሰው የሚያውቅ አገር ስለ ሞቱ የሚወራውን ቢጠራጠር የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ጦርነቱን ሁለቱም ወገኖች ድል ይሉታል፤ አፍጋኖቹ ሃሪ ሲንግን ስለ ገደሉ፣ ሲኮቹ ጃምሩድንና ፔሻዋርን ስላልለቀቁ። ዛሬ አነጋገሩ ከሕፃን መኝታ ይልቅ በሲኮች የጀግንነት ዝማሬና ንግግር ውስጥ ይሰማል፤ ሕንድም በ2013 ለሃሪ ሲንግ መታሰቢያ የፖስታ ቴምብር አውጥታለች። ያሠራት ከተማ ሃሪፑር ግን ያለችው በፓኪስታን ነው፤ ስሟም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።