ሳምንት እየዘለለ የሚገባው ማነው?

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ፍሬሾች (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች) ስለ ሌክቸርና ላብ ፕሮግራም በወጣው የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ተወዛግባችኋል። «ሴክሽን ኤ እና ቢ ተራ በተራ ነው የሚማሩት» ብሎ ሌክቸር የቀረም አለ። አይደለም።

ማስታወቂያው የሚለው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሴክሽኖች ሌክቸር አብረው ይማራሉ፤ እያንዳንዱ ሴክሽን ለሁለት የላብ (የላቦራቶሪ) ግሩፕ ይከፈላል፤ ሳምንት እየዘለሉ የሚገቡትም እነዚህ ግሩፖች ናቸው። ያደናገረው መጨረሻ ላይ ያለው «ሳምንት እየዘለሉ» ነው። እሱ አጠገቡ ያለውን ግሩፕ ብቻ ነው የሚመለከተው። ወደ ኋላ ተመልሶ ሌክቸሩን አይነካም። እውነቱን ለመናገር፣ የማስታወቂያው ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ቢቆርጠው ኖሮ ይሄ ሁሉ ግርግር አይመጣም ነበር።

ሴክሽን ኤ፣ ግሩፕ 2 ነሽ እንበል። ሰኞ ሌክቸር በየሳምንቱ አለሽ፣ ከቢ ልጆች ጋር። ረቡዕ ግሩፕ 1 ላብ ሲገባ አንቺ ነፃ ነሽ። በሚቀጥለው ረቡዕ ጋዋንሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ።

እዚህ ድረስ ያለው እርግጥ ነው። አከፋፈሉ ግን ከዲፓርትመንት ዲፓርትመንት ይለያያል፤ አንዱ በስም ፊደል ተራ፣ ሌላው በአይዲ ቁጥር። ረቡዕ በዓል ከሆነም ተራው ሊገፋ ይችላል። ይህንን የክፍል ተጠሪያችሁን ጠይቁ። ከጓደኛዬ ጋር ልግባ ብላችሁ ሳታስፈቅዱ ግሩፕ አትቀይሩ፤ አቴንዳንሱ ላይ ስማችሁ አይገኝም።