ድንበር ተሻጋሪ የዳታ ዝውውር ምንድን ነው?

ጥምቀት ደርሶ ጎንደር በእንግዳ ተጨናንቃለች እንበል። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ የቱሪስቱን ፓስፖርት በራሷ ስልክ ፎቶ ታነሳለች። ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ትልክለታለች። እሱም ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጠዋል። በደቂቃ ውስጥ የሰውየው ስም፣ የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥር ከአገር ውጭ ያለ ሰርቨር ላይ ገባ።

ድንበር ተሻጋሪ የዳታ ዝውውር ይኼው ነው። የሰውን የግል መረጃ ወደ ሌላ አገር መላክ፣ እዚያ ማስቀመጥ፣ ወይም እዚያ ያለ ሰው እንዲከፍተው ማድረግ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፋይሉ አዘዞ ባለ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥም፣ ውጭ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት በፓስወርድ ገብቶ ካነበበው መረጃው ተሻግሯል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ዝርዝሩ ደግሞ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ላይ አለ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋናው ጥያቄ መረጃው የሚሄድበት አገር በቂ ጥበቃ አለው ወይ የሚለው ነው። ከሌለ ሌላ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ መረጃው የሚመለከተው ሰው ስጋቱ ተነግሮት በግልጽ መስማማቱ። እንደ ጤናና ሃይማኖት ያሉ መረጃዎች ደግሞ ጠበቅ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

«እንግዳዬ ጀርመናዊ ስለሆነ የአውሮፓ ሕግ ይመለከተኛል?» የሚል ባለሆቴል አይጠፋም። ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ይሠራል። ዜግነት ብቻውን ግን አይወስንም። ጀርመናዊው በእግሩ መጥቶ ክፍል ቢይዝ፣ በዚህ ብቻ ሆቴሉ በዚያ ሕግ ሥር አይወድቅም። ድረ ገጹን በጀርመንኛ አዘጋጅቶ፣ ዋጋውን በዩሮ አድርጎ፣ አውሮፓ ውስጥ ላሉ ሰዎች አገልግሎቱን ካቀረበ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓመታዊ ዓለም አቀፍ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 በአየርላንድ ተቆጣጣሪ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ የተቀጣው የአውሮፓውያንን መረጃ ወደ አሜሪካ ባስተላለፈበት መንገድ ነው።

አውሮፓ «በቂ ጥበቃ አላቸው» ብላ ከዘረዘረቻቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ከአውሮፓ አጋር ጋር በጥናት የሚሠራ ተቋም ወፍራም የውል ሰነድ ፈርም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጥበቃው በውል እንዲሟላ። ሳይነበብ መፈረም የለበትም፤ ግዴታው እዚህ ላለውም ተቋም ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሕፃናት ጉዳይ ነው። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለውጭ ረጂዎቹ የልጁን ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤቱን፣ አልፎ ተርፎም የእናቱን የጤና ሁኔታ ጽፎ ይልካል። እናትየው ፈርማለች። ግን ምን ላይ? ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ባትፈርም ደብተርና ዩኒፎርሙ የሚቀር መስሏት ይሆናል። እንዲህ ያለ ፊርማ ፈቃድ ነው ብዬ አላምንም።

ማስተካከሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቅጹ በአማርኛ ይሁን፣ ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ በቃል ይነገራት። መረጃው ለማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው ትወቅ። እምቢ ብትል እርዳታው እንደማይቋረጥ በግልጽ ይጻፍ። በስም ፈንታ መለያ ቁጥር ይላክ፣ የጤና ጉዳይ እዚሁ ይቅር። ከውጭው አጋር ጋር በሚደረገው ውል ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ አይቅር፦ ልጁ ከፕሮግራሙ ሲወጣ ፎቶውንና ታሪኩን ከዚያኛው ሰርቨር ላይ የሚያጠፋው ማን ነው፣ በስንት ቀንስ ውስጥ?