ፒንሳውን አስቀምጡት! ስለተቀረቀረ ትራምፔት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ካራ ሰፈር፣ እኔ ቤት ድረስ ትራምፔቱን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። የሚነፋው የሰፈሩ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚገጥምበት ተነቃይ ጫፍ) ተቀርቅሮ አልወጣ ሲል አጎቱ ጋራዥ ወስደውለት ነበር። እዚያም አልወጣም። የፒንሳው ጥርስ ግን ዙሪያውን ነክሶታል። "ጋሼ፣ ሞቷል አሉኝ" አለኝ።

እንደማየው ከሆነ የናስ መሣሪያ ስለተቀረቀረ ብቻ ብዙም አይበላሽም። የሚበላሸው ሊያድነው በሚታገል እጅ ነው። ዘወትር የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

"ማውዝፒስ የሚወጣው በጉልበት ነው"

አይደለም። የማውዝፒሱ እግር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የሚገባበት ቀዳዳም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እንደ ሽብልቅ ይጠባበቃሉ። አንድ ጊዜ በመዳፍ "ጷ" አድርጎ መምታት ወይም መሣሪያውን መጣል ይበቃል። (ልጆች ያችን "ጷ" ይወዷታል። ተዉ!) በፒንሳ ስትታገሉ ከማውዝፒሱ በፊት የሚጠመዘዘው ስሱ ቱቦ ነው። በስታኞ የተያዘው መገጣጠሚያም ይለቃል።

መፍትሔው ማውዝፒስ ማውጫ ነው። ሁለት የብረት ሳህኖች በብሎን ይራራቃሉ። አንዱ የቱቦውን አፍ ይደገፋል፣ ሌላው ማውዝፒሱን ቀጥ አድርጎ ይገፋል። ጥምዘዛ የለም። “አርባ ልጆች” የተባሉት የናስ ባንድ ነፊዎች፣ ወላጅ አልባዎቹ አርመኖች፣ ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። የናስ ባንዱ መቶ ዓመት አለፈው፤ ማውጫው ግን ካራ አልደረሰም። እኔ ሥዕሉን ይዤ ቶርኖ ቤት ነው ያሠራሁት።

እሱም ከሌለ ማውዝፒሱ ላይ በረዶ፣ ቱቦው ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዙ። አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። ከዚያ በእጅ ብቻ ሞክሩ። እምቢ ካለ ተዉት።

"ዘይት ዘይት ነው"

የመጥበሻ ጀርባ ላይ የሚጋገረውን ቡናማ ሙጫ አስቡት። የምግብ ዘይት በጣት በሚጫነው ቫልቭ ውስጥም ሲቆይ እየወፈረ ወደዚያው ይሄዳል። በቫልቭና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። የቫልቭ ዘይት ካጣችሁ፣ ለአንድ ቀን ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል። ስላይድ (ተስቦ የሚወጣው ቱቦ) ግን ወፍራም ቅባት ነው የሚፈልገው። ቫዝሊን ይሠራል። ብርጭቆ ወረቀትማ ቫልቭ አጠገብ አይድረስ፤ የፋቀውን የሚመልስ የለም።

"ሎሚና የፈላ ውሃ ያጠራዋል"

ያብለጨልጫል፣ እውነት ነው። ናስ ግን መዳብና ዚንክ ነው፤ አሲድ ዚንኩን እየለየ ሲበላው ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይቀራል። የአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ቫርኒሹን ለመላጥ አያንስም። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና ይበቃል።

"የደረቀ ስላይድ እሳት ይፈልጋል"

የእርሳስና የቆርቆሮ ስታኞ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። ላይተር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከመኪና ዕቃ መሸጫ ዝገት ማላቀቂያ ገዝታችሁ መገጣጠሚያው ላይ አንጠባጥቡና አሳድሩት። ጠዋት በስላይዱ ቀለበት ጠንካራ ጨርቅ አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። የቫልቭ ስላይድ ከሆነ የራሱን ቫልቭ ተጫኑ። አለዚያ ውስጡ አየር ስለማይገባ መልሶ ይሳባል። ስታስወጡት አረንጓዴ ዝገት ብታዩ አትደንግጡ፤ ይታጠባል።

"የሚንጠባጠበው ምራቅ ነው"

በአብዛኛው የትንፋሽ እንፋሎት ነው፣ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ውሃ የሚሆነው። በካራ ብርድ ደግሞ ይብሳል።

"ካልነፋ ሞቷል"

የልጁ ማውዝፒስ በማውጫው ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። ግን ሲነፋው ትንፋሹ አላልፍ አለ። ቫልቮቹን ሳወጣቸው 1 እና 3 ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ቁጥራቸው በየቫልቩ ላይ ተቀርጿል፤ የሚያነበው አልተገኘም እንጂ። ቦታቸውን ስመልስ ተነፋ። የፒንሳው ንክሻ ግን እንዳለ ነው።