የኦንላይን ግብይት ሕግና ፖሊሲ፦ ከደሴ መናኸሪያ ሲታይ

ደሴ ሆኖ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ወጉን ያውቀዋል። ፎቶ ያያል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር ይጠይቃል፣ ብሩን በቴሌብር አስገብቶ ስክሪንሾት ይልካል። ዕቃው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣል፤ ገዢው የሾፌሩን ስልክና የታርጋ ቁጥር ይዞ መናኸሪያ ይጠብቃል።

በዚህ ሁሉ መሀል የመንግሥት እጅ ጎልቶ የሚታየው ክፍያው ላይ ነው። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ራሱን የቻለ የክፍያ ሕግ ሳይጠብቅ የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲጀምር ፈቀደ፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በኢትዮጵያ ባንክ ያልሆነ ድርጅት የሞባይል ገንዘብ እንዲሰጥ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያወጣው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁለቱን ጎረቤታሞች ያራራቃቸው በዋናነት ይህ ፈቃድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኔትወርኩም የፖሊሲ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ የትኛውም የንግድ አዋጅ ለደሴ ሻጭ ፎቶ አልላከለትም።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ሐሳቡ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ካወጣው ሞዴል ሕግ ጋር የሚዛመድ ነው። ስለዚህ ያ ስክሪንሾት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ግን ለአንድ ጥንድ ጫማ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል?

ገዢን የሚያደፋፍረው መመለስ መቻሉ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በኦንላይን የገዛ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን፣ በቻይና በ7 ቀን ውስጥ አብዛኛውን ዕቃ መመለስ ይችላል። ደሴ ካሉት ሱቆች አንዱ ገብታችሁ ከባንኮኒው በላይ ብታዩ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ቴሌግራም ላይም ልማዱ ያው ነው።

ቻይና ውስጥ አሊፔይ የተባለው የክፍያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ገንዘቡን ይዞ ያቆይ ነበር። የኢ-ኮሜርስ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው፤ አደራ ያዡ ሕጉን 15 ዓመት ቀድሞታል። ደሴ ላይ ይህ አደራ፣ ሻጩ ከተስማማ፣ የሚወድቀው ሾፌሩ ላይ ነው፦ ገዢው ፌስታሉን እዚያው ሚኒባሱ በር ላይ ፈትቶ ያያል፤ ከዚያ ይከፍላል።